አራተኛው ቡሎን

ሩሃማ ባሏ ወንዳፍራሽ በፒካፑ ጭነት ማስቀመጫ ላይ በኮምፔልሳቶ በሠራው ማደሪያ በር ላይ መቀርቀሪያ እያሰረች ነው። እሷ ከውጭ ቡሎኑን በካቻቢቴ ትይዛለች፤ ወንዳፍራሽ በሩን ዘግቶ ከውስጥ ዳዶውን ያጠብቃል።

«መቀርቀሪያው በውጭ በኩል የሆነው በግ ልትጭንበት ነው?»

«የውስጡንም እገጥማለሁ።»

«ነገ ቤቱን አስረክበን እዚህ ልታስተኛኝ። ሱሉልታ ሙሉ ይስቅብናል።»

ሦስተኛው ሲጠብቅ ምድጃ ልታጠፋ ቤት ገብታ ተመለሰች። አራተኛውን ቡሎን ከተተች።

«ያዝሽው?» አለ ከውስጥ።

«ያዝኩት፣ ኢንጂነር። ይኼ እንኳን ካልዞረብህ።»

ዳዶው ዞረ። ካቻቢቴው እጇን እስኪስባት ድረስ ጠበቀ።

«ይቅር፣ አትልፊ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ወንዳፍራሽ ከአስፋልቱ በኩል ትንሽ ፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል። «ዳዶው ሦስት ብቻ ነበር። ቤት ስትገቢ ሱሩር ሱቅ ደርሼ መጣሁ።»

ሩሃማ ፌስታሉን አየች። ቡሎኑን በጣቷ ነካችው፤ አይነቃነቅም።

«ያዝሽው?» አለ የወንዳፍራሽ ድምፅ፣ ከውስጥ።

ወንዳፍራሽ አፉን አልከፈተም።

«ያዝኩት» አለች ሩሃማ ቀስ ብላ። መቀርቀሪያውን ገፍታ ዘጋችው፤ ካቻቢቴውንም ጎማው ላይ አስቀመጠች።