ሦስት ጥንድ ጎማ

ድሬዳዋ ውስጥ ሁለት ጡረተኞች በባቡር ጎማ የተነሣ ተጣሉ። አንደኛው፣ ነጂ የነበረው፣ በወጣትነቱ የነዳትን ናፍጣ ባቡር ከቆርቆሮ አሳንሶ ሠርቷታል። ከፊትም ከኋላም ሦስት ሦስት ጥንድ ጎማ ገጥሞላታል።

«አቦ፣ ሁለት ሁለት ነው!» አለ ረዳቱ የነበረው ጓደኛው። «ያን ሁሉ ዘመን ግራሶ የቀባሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«የነዳኋት ግን እኔ ነኝ!»

ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። በመጨረሻ ያቺው ባቡር ለጎብኚ ታድሳ መቆሟን ሲሰሙ፣ ዓይናችን ይፍረድ ብለው ተያይዘው ሄዱ።

ነጂው ጎንበስ ብሎ አየ። ሦስት ሦስት! እልል ማለት ነው የቀረው። ጓደኛው ማመን አቅቶት በወዲያኛው ጎን ሊቆጥር ዞረ።

ይሄኔ ካደሷት መካኒኮች አንዱ ነጂውን አይቶ እየሮጠ መጣና ትከሻውን ሳመ።

«አባባ፣ እግዜር ይስጥልን! ስናገኛት እኮ ጎማ የሚባል አልነበራትም። ባለቤትዎ የእርስዎን ሞዴል ባያውሱን ኖሮ፣ ስንት እንደሚገጠምላት በምን እናውቅ ነበር?»

ነጂው ዞር አለ። ጓደኛው አንገቱን ደፍቶ ከባቡሯ ጀርባ ብቅ እያለ ነው።

«ቀስ ብለህ አውራ እንጂ፣ ልጄ!» አለ ነጂው።