ቤቱ ስለ ራሱ የጻፈው

ቤቶች የኪራይ ማስታወቂያቸውን ራሳቸው መጻፍ ከጀመሩ ወዲህ ማንም ቃላቸውን መሰረዝ አይችልም። የእኔ ሥራ ኢንተርኔት ላይ ማረፊያ የሚፈልግ እንግዳ እንዳይደናገር አሻሚውን ግልጽ ማድረግ ብቻ ነው።

አጎቴ ይርዳው የጠራኝ፣ የሥጋ ዘመድ ናት፣ ታለሳልስልኛለች ብሎ ነው። አሁን እሱ የሚያከራየው የሐዋሳው ቤት አባቴ እስኪሞት ድረስ የእኛ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ቆመን ስክሪኑን አነበብን።

«ሁለት መኝታ ቤት አለኝ። ሐይቁ ከበረንዳዬ ይታያል። ይርዳው የወንድሙን ሚስት ከነፍራሿ በዝናብ አስወጣት።»

«ዝናብ የሚለውን አስተካክይልኝ፣ ልጄ። እንግዳ ቤቱ የሚያፈስ ይመስለዋል» አለኝ።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አልኩና ጨመርኩበት፦ «ጣሪያዬ አያፈስም። ዝናቡ የወረደባት ደጅ ላይ ነው።»

ፊቱ ጠቆረ። ወዲያው ቤቱ አዲስ መስመር ጻፈ፦ «ልጇ ዛሬ መጣች። ማንም ሳያዛት ጫማዋን በር ላይ አወለቀች።»

ባዶ እግሬን አየሁ። አጎቴ ሳቀ። «በይ እንጂ! ይሄንንም ግልጽ አድርጊው!»

አደረግኩት፦ «እናቷ ወለሏን በጫማ ሲረግጡባት አትወድም ነበር። ይርዳው አሁንም በጫማው ቆሟል።»