የቀይ ጣሪያ ዶሮ

ቀማሹ ፍርዱን የሰጠው ሰኞ ጠዋት ነው።

የሰውየው ሥራ መብላት ነው። ከከተማ ከተማ እየዞረ በርገርና የተጠበሰ ዶሮ የሚሸጡ ቤቶችን ያወዳድራል፤ የቀመሰውን በቪዲዮ ይለቀዋል፤ አገር ያየዋል። በዚያ ሰኞ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት ቤቶችን አወዳደረ።

«በርገር ካማራችሁ እማማ ቤት ግቡ» አለ። «ዶሮ ካማራችሁ ግን መንገዱን ተሻገሩና ቀይ ጣሪያ ሂዱ። ድሮ እማማ ቤት የምንበላው ዶሮ አሁን ያለው እዚያ ነው። የእማማ ዶሮ፣ ድሮ ቀረ።»

የእማማ ቤት ሥራ አስኪያጅ ቪዲዮውን ቢሮው ውስጥ ቆሞ አየው። ደግሞ አየው። ቀማሹ በሳቀ ቁጥር ደሙ ፈላ።

ቤቱን የመሠረተችው እናቱ ናት። በአንዲት መሸጫ መስኮት ጀምራ ለብዙ ቅርንጫፍ ያበቃችው፣ ሳቂታ ፊቷ በየካርቶኑና በየሽርጡ ላይ የታተመው እሷ ናት። ልጅየው ሥራውን ሲረከብ «አንቺ ደክመሻል፣ እረፊ» ብሎ ከኩሽና አስወጣት። ከዚያ ወዲህ ዶሮው በቅመም ተለውሶ ማደሩ ቀረ። በከረጢት የሚመጣ ዱቄት ይነሰነስበትና ዘይት ውስጥ ይገባል። ፈጣን ምግብ ነው፤ ፈጠን አለ።

ያንን ቅመም ከእናቱ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዶሮ ጠባሿ። ከመስኮቷ ዘመን ጀምሮ ከእናቱ ጎን ያልተለየች ሴት ናት። ሥራ አስኪያጁ ከልጅነቱ ጀምሮ «እትዬ» እያለ፣ «እርስዎ» እያለ ነው ያደገው።

በምሳ ሰዓት መኖሪያ ቤቱ ሲደርስ እናቱ ገና ከውጭ መግባቷ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለጉልበቷ ሕክምና ትሄዳለች። እሱ አንድም ቀን አድርሷት አያውቅም።

«ቅመምሽን ሰርቀው ለቀይ ጣሪያ ሸጡት» አላት።

«ማን?»

«ማን ትሆናለች፣ ጠባሿ ናታ።»

እናቱ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። «የእነሱን ዶሮ ቀምሰኸዋል?»

«የጠላት ቤት ምግብ አልቀምስም።»

«እንግዲያው የኔ ቅመም መሆኑን በምን አወቅህ?»

«አገር ያውቃል እኮ፣ እማዬ።»

«እሷን ተዋት። የሰው ነገር የምትነካ ሴት አይደለችም።»

«ላንቺ ሰው ሁሉ ደግ ነው።»

«ሁሉም አይደለም» አለች እናቱ።

በማግስቱ ጠዋት ገንዘብ ተቀባይዋ ወደ ቢሮው ብቅ አለች። ጠባሿ መንገዱን ተሻግራ ቀይ ጣሪያ ስትገባ አይታታለች። ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ሄደ። ብዙ አልቆየም፤ ሴትየዋ ካርቶን በነጠላዋ ሥር ይዛ ስትወጣ በዓይኑ በብረቱ አየ።

ኩሽና ውስጥ ጠበቃት። ዘይቱ ይንጫጫል፤ ሠራተኛው ሁሉ አቀርቅሯል።

«ከየት ነው የመጣሽው?» አላት። በፊቷ እርስዎ ማለቱን የተወው ያን ጊዜ ነው።

«ከቀይ ጣሪያ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልቀምስ። አገር የሚያወራለትን እኔም ልቅመሰው ብዬ።»

ካርቶኑን ከፈተችው። አንድ ጊዜ ብቻ የተገመጠ የዶሮ ጭን ነበረበት። «እስቲ አንተም ቅመሰው» አለችው፣ ቀስ ብላ።

በእጁ መታው። ጭኑ ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ።

«ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ የሰረቅሽውን ታጎርሺኛለሽ?»

«እኔ አልሰጠኋቸውም።»

«ታዲያ ማን ሰጣቸው?»

ጠባሿ ወለሉ ላይ የወደቀውን ጭን አየችው።

«አላውቅም ብልህ እዋሻለሁ» አለች። «አልነግርህም።»

«ከማን ጋር እንደተዋዋልሽ ተናገሪ።»

«አልኩህ እኮ።»

«እናቴ እንደ እህቷ አድርጋ አኖረችሽ። አንቺ ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ።»

«እናትህን በዚህ መሐል አታንሳት።»

«ሽርጥሽን አውልቂ። በዚህ ከተማ ኩሽና የሚያስገባሽ ሰው እንዳይኖር አደርጋለሁ።»

ሽርጡን ፈታችው። አጣጥፋ፣ የእናቱን ፊት ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቦርሳዋን አንስታ በጓሮ በር ወጣች። አንድም ሠራተኛ ደህና ሁኚ አላላትም።

ሥራ አስኪያጁ ለእናቱ ደወለ፤ ስልኩ አይነሳም። ሕክምና ላይ ትሆናለች ብሎ ተወው። ወደ መስኮቱ ሲመለስ ጠባሿ መንገዱን ስትሻገር አያት። የሄደችው ወደ ዋናው በር አይደለም፤ ዞራ ወደ ጓሮው ነው።

«ይኸው» አላት ገንዘብ ተቀባይዋን። «ቀጥታ ጌቶቿ ጋ። አላልኩሽም?»

ልቡ ረካ። ለቀረው ሠራተኛ የሚናገረውን እያሰበ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በቀይ ጣሪያ ጓሮ ሽንኩርት የተሸከመ ሰው ጠባሿን አስቆማት።

«ምን ፈለግሽ?»

«ሥራ።»

«መጥበስ ትችያለሽ?»

«ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነው።»

«ሰው የምትቀጥረው ቅመም ቤት ያለችው ዋናዋ ናት። ግቢ፤ መጨረሻ ላይ ታገኛታለሽ።»

ጠባሿ በብረት ጠረጴዛዎቹ መሐል አልፋ ገባች። መጨረሻው ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዶሮ ታሻለች። የለመደችውን የእግር ኮቴ ሰማች፤ ግን አልዞረችም።

«ልጄ አንቺንም አባረረሽ?»