ከሃያ ሁለቱ የመጨረሻው

የጤና ጣቢያዎቹን ቅልጥፍና ለክቶ ደረጃ ያወጣው እሱ ነው። ወደየጣቢያው የገባውን ሠራተኛና መድኃኒት ከታከመው ሕመምተኛ ብዛት ጋር አመዛዝኖ፣ ሃያ ሁለቱን እርስ በርስ አወዳደረ። አለቆቹ መጨረሻ የወጣው ጣቢያ ይዘጋ ብለው ወሰኑ፤ መርዶውንም እንዲያደርስ እሱኑ ላኩት።

የጣቢያዋን ኃላፊ ሲስተር ዘውድነሽን ያገኛት ሜዳ ላይ ነው፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ረግረግ ታደርቃለች።

“በሥራ ሰዓት፣ ሲስተር?”

“ዓርብ ዓርብ ደቦ አለን። ይኸው ወባ ከዚህ መንደር ከጠፋች ሦስት ዓመቷ።”

ጫማ ጫማውን እያየ እንደምንም መርዶውን ነገራት።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። “ለመሆኑ በምን ለካኸን?”

“በ... በታከመው ሰው ብዛት።”

“አንደኛስ ማን ወጣ?”

“የወንዝ ማዶው ጣቢያ” አለ፤ ፊቱ እንደ እሳት ጋለ። ባለፈው ወር ብቻ አራት መቶ የወባ ሕመምተኛ አክሟል ብሎ የመዘገበው ራሱ ነበር።

ሲስተር ዘውድነሽ ወደ ደቦው ዞረች።

“ጋሽ ደምሰው! ለማዶ ሰዎች አካፋ እንዳታውሷቸው። ረግረጋቸውን ካደረቁ የእነሱም ይዘጋል።”