አርባ ስግደት

ሐኪሙ ጉልበቷን ሲያጥፍ ሲዘረጋ ቆይቶ፣ «እማማ፣ መገጣጠሚያዎ ተበልቷል። በእግር መሄዱ ጥሩ ነው፤ ስግደቱን ግን ይተዉት» አላት።

እሺ ብላ ወጣች፤ ልቧ ግን አልተቀበለውም። እያነከሰች የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች።

ሐኪሙ ያላትን ስትነግራቸው ቄሱ ደነገጡ። «እስካሁን ትሰግጃለሽ? አማትሽ ውሃ ውሃ እያሉ ሲሞቱ እንቅልፍ ጥሎኝ አልሰማሁም ብለሽ የተናዘዝሽው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው! የሰጠሁሽም በቀን አርባ ስግደት፣ ለሰባት ቀን ብቻ። እግዚአብሔር ይፍታሽ ብዬሻለሁ፤ በቃሽ ልጄ።»

እሷ ግን እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ጉልበቷ ሲንቋቋ፣ እንደ ሁልጊዜው «ልጄ፣ ውሃ» የሚለው የደከመ ድምፅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ።

«አባቴ» አለች፣ ቀና ሳትል፣ «እንቅልፍ አልጣለኝም ነበር።»