ግድግዳና ሬዲዮ

«የባሌን መቀስ ብቻ ስጠኝና ልሂድ» አለች፣ ፀጉር ቤቱ ደፍ ላይ እንደቆመች።

«ምን ሲደረግ! ይግቡ እንጂ እትዬ!» አለ የሟች ባሏ ባልደረባ። ማበጠሪያውን በጥርሱ ነክሶ ስለነበር ቃላቱ ተንሻፈው ወጡ። ወንበሩ ላይ ጡረታ የወጣው ሹፌር ግማሽ ፊቱን አረፋ ለብሶ ተቀምጧል። ተራ የሚጠብቁት ወንዶች ሲያዩዋት ከአግዳሚው ብድግ አሉ። ሹፌሩም ከነአረፋው ሊነሣ ሲል ባልደረባው ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

ገባች። ባሏ በዚህ ቤት ሲያረጅ፣ እሷ በበሩ ስታልፍ አንገቷን እንኳ አስግጋ አታውቅም። «የወንድ ቤት ምን አገባኝ» ነበር መልሷ።

ዛሬ የመጣችው ግን ቂም ይዛ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሊያጽናናት የመጣው ሁሉ አፉ አንድ ሆነ። «ያ ጨዋታው! ያ ሳቁ! ሬዲዮአችን ተዘጋ!» ለካ ሰፈሩ ሬዲዮ እያለ ነው የሚጠራው። እሷ ደግሞ እቤት «ግድግዳ» ነበር የምትለው። ስታወራ እሱ እየጎረሰ ይሰማል፤ ትንፋሽ ልትወስድ ገታ ስትል «ከዚያስ?» ይላል። በቃ፣ የሱ ወሬ ያቺው ናት።

ጥሩ አባት ነበር፣ ይሄን አትክድም። ልጆቹን አዝሎ ያሳደገ፣ ፀጉራቸውን በገዛ እጁ የሚከረክም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎባት የማያውቅ ሰው። ግን ድምፁንስ መቼ ሰማችው? የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት ይሄ አይደል? ምናልባት ሰልችታው ይሆን? ይቺ ናት አንጀቷን የምትበላት። እንዳትጠይቀው ደግሞ የለም።

ባልደረባው መቀሱን ከማቀበሉ በፊት እጁን ሊለቃለቅ ጥግ ያለውን ቧንቧ ከፈተ። ቧንቧው ሳል ሳል አደረገውና ዝም አለ።

«ሹመኛ ነው» አለ ሹፌሩ፤ «ደጅ ካልጠኑት ጠብ አይልም!»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ወዲያው ሐዘንተኛ ፊታቸው መቆሟ ትዝ ሲላቸው ሳቃቸውን ዋጡ። እሷ ግን ክው ብላ ቀርታለች።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሬዲዮ ነዋ! ነፍሱን ይማረውና።»

«እኔ ነኝ! እራት ላይ እኔ ነኝ ያልኩት! እሱ ምን ተናግሮ ያውቃል?»

ሹፌሩ ከነወንበሩ ዞረ። «እሱማ መች የኔ ነው አለ? ‹የኔዋ እንዳለችው› ሳይል አንድም ቀን ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም። የኔንስ ጢም ‹ከሱ ቀድሞ በር ይገባል› ብለሽ የለ?»

«እኔን ደግሞ ‹ጥላውን እንኳ ለሰው አያውስም›!» አለ ከአግዳሚው አንዱ ባለሱቅ፣ እንደተሾመ ሰው ደረቱን ነፍቶ።

«ውይ በሞትኩት!» አፏን በመዳፏ ያዘች። «እሱንም ነገራችሁ?»

«እትዬ» አለ ባልደረባው፣ «እዚህ ቤት ጠዋት ጠዋት ደህና አደራችሁ አይባልም። ሰው ገና በር ላይ ሆኖ ‹እሺ፣ ዛሬስ ምን አለች?› ነው የሚለው። ጋሼ ደግሞ ያስጠብቁናል። መጀመሪያ መስተዋቱን ይወለውላሉ፣ ምላጭ ይቀይራሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አንድ ቀን ‹እቤትም እንዲህ ተጫዋች ነዎት?› ብላቸው ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? ‹እቤትማ እኔ ካወራሁ ያመልጠኛል።›»

ከሹፌሩ ጎን፣ ባሏ ይሠራበት የነበረው ወንበር ባዶውን ነበር፤ ካረፈ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። እሱ ላይ ዘፍ አለች። ሰልችቼው አልነበረም፣ አለች በልቧ፤ እንባዋም ያኔ መጣ። ወንዶቹ ወለል ወለሉን ያያሉ። ባልደረባው መቀሱን በንፁህ ጨርቅ ጠቅልሎ ጭኗ ላይ አኖረላት።

ሹፌሩ አረፋው አገጩ ላይ እየደረቀ፣ መስተዋቱ ውስጥ ተመለከታት።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ዛሬስ ምን አለች?»

አፍንጫዋን ጠረገች። ልቧ ቢሰበርም አፏ ሥራውን አልረሳም።

«ዛሬማ...» አለች፣ «ያቺ ጎረቤቴ ልታጽናናኝ መጥታ፣ እኔው እሷን ሳጽናና አረፈድኩ። አለቀሰች፣ አለቀሰች፤ ኋላማ የማን ባል እንደሞተ ለኔም ግራ ገባኝ።»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ ዓይኑን በፎጣው ጥግ ያብሳል። እሷም ሳቁ እስኪበርድ ቆየች። ከዚያ እንደ ልማዷ ወሬዋን ገታ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ጎኗ መለስ አደረገችና፣ «ከዚያስ?» እስክትባል ጠበቀች።