በሩ አጠገብ

ልጇ የጎረቤታቸውን የሉቺያን አንድያ ልጅ በባጃጅ ገጭቶ ከገደለ ወዲህ፣ ቅዳሴ ስትመጣ የምትቀመጠው በሩ አጠገብ ነው። «ሰላም ተሰጣጡ» ሲባል እጄን የሚጨብጠኝ ባይገኝስ ብላ ቀድማ ሹልክ ትላለች።

ዛሬ መዝሙረ ዳዊቱን የምታነበው ሉቺያ ነበረች።

«እግዚአብሔርን አመስግኑ፣ ቸር ነውና…» አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። ምእመናኑ ተከታዩን ቃል ጠበቁ። እሷ ግን መጽሐፉን እንደያዘች ከማንበቢያው ወርዳ በመካከላቸው አለፈች፤ በቀጥታ ወደ በሩ መጣች።

«አለቀልኝ፤ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው» ብላ የገዳዩ እናት አንገቷን ደፋች።

ሉቺያ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አኖረችላትና «ምሕረቱ ለዘላለም ነው» የሚለውን ስንኝ በጣቷ አሳየቻት።

«እንኪ፣ አንቺ ጨርሺው እህቴ» አለቻት። «ከእኔ አፍ አልወጣ አለ።»